በእናት በኩል ሲቆጠር

የያዙኝ በሥራ ሰዓት፣ ደብረ ታቦር መሥሪያ ቤቴ ውስጥ፣ ታይፕ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ከተጀመረ ወራት አልፈው ነበር። አስመራ የተወለደውን አባቴን ቀደም ብለው በአውቶቡስ ጭነው ድንበር አሻግረውታል። ሠላሳ ዓመት የዚህን አገር መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ የጫኑበትን አውቶቡስ ሞተር ራሱ አንድ ቀን አውርዶ ሳይጠግነው የቀረ አይመስለኝም።

የሴት እስረኞቹ ክፍል ከፖሊስ ጣቢያው ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት። ወለሏ እርጥብ ነው፤ ባልዲው ከበሩ ሥር ተቀምጧል፤ ጉሙ በስንጥቁ እየገባ ብርድ ልብሱን ያረጥበዋል። ውስጥ ያገኘሁት አንዲት የፋርጣ ገበሬ አሮጊት ብቻ ነው።

«አንችስ በምን ገባሽ?» አሉኝ።

«በአባቴ።»

«እኔ በልጄ። በወሰን ጠብ ሰው አቁስሎ ጠፋ፤ እሱ እስኪመጣ እኔን አሰሩኝ። ወይ ጉድ! ራሳቸው ባጠፉት የሚታሰሩትስ የት ይሆን ያሉት?»

በሦስተኛው ቀን ፍርድ ቤት አቀረቡኝ። ዳኛው መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ የዜግነት ጉዳይ በዚህ ፍርድ ቤት ሥልጣን ሥር አይወድቅም አሉ።

«ታዲያ በማን ሥልጣን ሥር ነው፣ ክቡር ዳኛ?»

«የሚመለከተውን ክፍል ጠይቂ።»

የሚመለከተው ክፍል ያሰረኝ ክፍል ነው። ከደመወዜ ግብር ሲቆርጡ፣ ምረጪ ብለው ካርድ ሲሰጡኝ፣ ለዘመቻው አዋጪ ሲሉኝ፣ አንድም ቀን «ባንች ላይ ሥልጣን የለንም» ያለኝ ሰው አልነበረም። ፍረዱልኝ ስል ሥልጣን አጡ። በጣም ነው የተናደድሁት፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሕገ መንግሥቱን ለየወረዳው ሊበተን በስቴንስል የጻፍሁት እኔው ነኝ። ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው የሚለውን አንቀጽ በገዛ ጣቴ መትቸዋለሁ። ግን ሥራ ስቀጠር ጸሐፊው «ብሔር?» ብሎ ሲጠይቀኝ የአባቴን ነበር የነገርሁት። በወረቀት ላይ ሰው የሚቆጠረው በአባቱ ነው ብዬ። አሁን ያንን ወረቀት ነው ከማኅደሬ መዝዘው ያመጡብኝ።

ይህን ለአሮጊቷ ስነግራቸው እንዝርታቸውን አስቀመጡት።

«በአባት ብቻ? ኤዲያ! እናትሽ የት ናት አገሯ?»

«ደራ፣ ሐሙሲት አጠገብ።»

«በእሷ በኩል ስንት ቤት ትቆጥሪያለሽ?»

«አያቴን አውቀዋለሁ።»

«አይ የከተማ ልጅ! ርስት እኮ በሴትም በወንድም ነበር የሚወርድ። አባቴ ያረሱት መሬት በአያታቸው፣ በሴቷ የመጣ ነው። ሲከለከሉ ዳኛ ፊት ቆመው ሰባት ቤት ቆጥረው ረቱ። እናትሽ ስትመጣ ጠይቂያት።»

እናቴ እሑድ ስንቅ ይዛ መጣች። ከሽቦው ማዶ ሆና «ዘርሽን ቁጠሪልኝ» ስላት ያበድሁ መስሏት ደረቷን ደቃች። አንድ ልጇ ነኝ፤ ባሏን ወስደውባታል። ኋላ ግን በጣቷ አንጓ እየያዘች አንድ በአንድ ነገረችኝ። ዘበኛው ቆሞ ይስቃል።

ሳምንቱን ሙሉ አሮጊቷ አስጠኑኝ። «ሴቷን፣ ጥሩነሽን ዘለልሻት! የእናትሽን ወገን ርስት ያመጣችው እሷ አይደለች? እንደገና!» ይሉኛል። ፈተና እንዳለበት ተማሪ እለፈልፋለሁ።

ከዚያ ለምርመራ ጠሩኝ። መርማሪው የጋይንት ልጅ ነው፤ ከንግግሩ ያስታውቃል። ፎርም አቀረበልኝ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ዜግነት የሚለው ላይ ኤርትራዊ ተብሎ አስቀድሞ ተሞልቷል። ከሥሩ «በፈቃዴ ወደ አገሬ እመለሳለሁ» ይላል። እኔ አስመራን የማውቃት አባቴ ግድግዳ ላይ በለጠፋት ፖስት ካርድ ነው።

«ፈርሚ።»

«የእናት ስም የሚጻፈው የት ላይ ነው?»

«እሱ አያስፈልግም። አውቶቡሱ ማክሰኞ ነው። ከፈረምሽ ሻንጣ ይፈቀድልሻል፤ ካልፈረምሽ በለበስሽው ትሄጃለሽ።»

እስክሪብቶውን ተቀበልሁት። ፊርማ የሚለው መስመር ላይ ጻፍሁ፦ ትርንጎ፣ ዋሴ፣ ጥሩነሽ፣ ገላው፣ እንግዳ፣ ካሴ፣ ደምሌ። መስመሩ አልበቃኝ ብሎ ወደ ጠርዙ ወጣሁ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ሰባት ቤት ነው። በእናቴ በኩል።»

ከመጀመሪያው ስም እስከ መጨረሻው በጣቱ እየተከተለ አነበበው። በአገሩ መቁጠር ምን ማለት እንደሆነ አልጠፋውም። አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተውና «ውሰዷት» አለ።

ማክሰኞ አውቶቡሱ ሄደ፤ እኔን አልጠሩኝም። ከአራት ወር በኋላ፣ ለምን እንደሆነ ሳይነግሩኝ ፈቱኝ። አሮጊቷ እዚያው ነበሩ፤ ልጃቸው አልመጣም። ብርድ ልብሴን ትቸላቸው ወጣሁ።

በሩ ላይ ቆሜ «ኢትዮጵያዊት ናት የሚል ወረቀት ስጡኝ» አልኋቸው።

«እሱ የእኛ ሥልጣን አይደለም» አሉኝ።

አባቴ ከድንበር ማዶ እንደቀረ ሞተ፤ አልቀበርሁትም። አሁን ልጅ አለችኝ፤ ሰባቱን ቤት፣ ሴቷንም ሳትዘል፣ ሳትሳሳት ትቆጥራለች። የሰማት ሁሉ «እንዴት ያለ ኩሩ ቤተሰብ ነው!» ይለኛል። እኔ ያስጠናኋት ግን ፈርቼ ነው።