ከሚስተር ሻህ የደበቅኩት አሥራ አምስት ዓመት

ሰው የሚሰደደው በጨለማ ይመስላችኋል። እኔ ጎባን የለቀቅኩት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ» እያልኩ ነው። ተደብቃ ሄደች ከሚሉኝ ማር ልትገዛ ደሎ መና ወረደች ቢሉኝ ይሻላል ብዬ። የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ጽጌ ሮቤ ከተማ፣ እናቴ ዘንድ ነበረች። አልተሰናበትኳትም። ብሰናበታት ታለቅሳለች፤ ካለቀሰች ጎረቤት ይሰማል።

ጥፋቴ ይኼ ነው። ጎባ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ የሚታሰሩ ሰዎች ስም ዝርዝር እንድመታ ተሰጠኝ። ሦስተኛው መስመር ላይ የጎረቤታችንን የአስተማሪውን ስም አገኘሁት። ለሚስቱ አንዲት ቃል ጣል አደረግኩላት፤ ሰውየው በነጋታው ጠፋ። ከዚያ «ወረቀቱን ማን አየው?» ተባለ። ያየነው ሦስት ሰዎች ነን፤ አለቃዬ፣ ዝርዝሩን ያመጣው ካድሬና እኔ። ከሦስቱ ማን እንደሚያዝ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም።

የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና የሳነቴን ብርዳም ዳገት ወጣ። አጠገቤ አዴ ከድጃ የሚባሉ የማር ነጋዴ ሴት ተቀምጠዋል። ኬላው ላይ ወታደሩ የይለፍ ወረቀቴን አገላብጦ አየና፣

«ለማር ይህን ሁሉ መንገድ? ጎባ ማር ጠፋ?» አለኝ።

አዴ ከድጃ ቀድመውኝ «የጎባና የሐረና ጫካ ማር አንድ ነው እንዴ? አንተ ልጅ፣ የየት አገር ሰው ነህ?» አሉት። ወታደሩ አፍሮ ሳቀና ወረቀቱን መለሰልኝ። ካለፍን በኋላ ወዴት እንደምሄድ እንኳ ሳይጠይቁኝ፣ «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ» አሉኝ። ዘመዶቻቸው እየተቀባበሉ ነገሌ፣ ከነገሌም ሞያሌ አደረሱኝ። የኬንያን ድንበር ከከብት ነጋዴዎች ጋር በእግሬ ተሻገርኩ።

ናይሮቢ ስደተኛ የሚመዘግበው ሰውዬ ቀና ብሎም አላየኝ።

«ሥራሽ?»

«ኮምፒውተር ፕሮግራመር።»

ይኼኔ ብዕሩን አስቀመጠ። «ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከባሌ።»

«እዚያ ኮምፒውተር አለ?»

«የለም። ድሮ አዲስ አበባ ነው የሠራሁት።»

«መስፋት ትችያለሽ?» አለኝና መልሴን ሳይጠብቅ «ልብስ ሰፊ» ብሎ ጻፈ።

እውነቴን ነበር። በወጣትነቴ አዲስ አበባ፣ ኮቦል በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ማሽኑ የሚያነበው የካርቶን ካርድ ላይ ቀዳዳ እያስበሳሁ ፕሮግራም እጽፍ ነበር። ባለቤቴ የእርሻ ባለሙያ ነውና ወደ ሮቤ ሲዛወር ሥራዬን ትቼ ተከተልኩት። እሱ ሲሞት ከዚያ ሙያ የቀረኝ የታይፕ ጣት ብቻ ነው።

ቤት ያከራየችኝ ማማ ንጄሪ ሥራዬን ስነግራት፣ «እዚህ ቤት ኮምፒውተር አይገባም፤ መብራት ይበላል» አለችኝ። ፍራሽ እንኳ አልነበረኝም። ኡጋሊ የሚሉትን ምግባቸውን ገንፎ መስሎኝ ጓጉቼ ቀረብኩት፤ መሐሉ ላይ የቅቤ ጉድጓድ የለው፣ የአገሬ የሲናና ገብስ ሽታ የለው። ፖሊስ ባየሁ ቁጥር «ኪታምቡሊሾ!» ብሎ መታወቂያ ሳይጠይቀኝ መንገድ እሻገራለሁ። ቀኑን ሙሉ ስሻገር ነው የምውለው።

አንድ ቀን ጋዜጣ ላይ፣ አንድ የሻይ ቅጠል ነጋዴ ድርጅት ኮቦል የሚያውቅ ሰው እንደሚፈልግ አነበብኩ። አለቃው ሚስተር ሻህ የሚባል መነጽራም ሕንዳዊ ነው።

«ፕሮግራም ከጻፍሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ሁለት ዓመት» አልኩ። አሥራ ሰባት ነበር። አርባ አንድ ዓመቴ ነው።

አረንጓዴ ፊደል የሚያበራ ስክሪን ፊት አስቀመጠኝ። ዙሪያዬን ብፈልግ ምንም የለም። «ካርዶቹ የት አሉ?» አልኩት። አየት አደረገኝና፣ «እዚሁ ላይ ነው የምትጽፊው» አለኝ። የድሮው ማሽን ስህተታችንን የሚነግረን በማግሥቱ ነበር፤ እስከዚያ ተስፋ እናደርጋለን። ይኼኛው ወዲያው ይናገራል። እያንዳንዷን ቁልፍ ስነካ፣ የሚያስወጡኝ በዚህች ነው እላለሁ።

ፈተናዬ፣ የሻይ ሣጥኖችን ዝርዝር ሲያትም ግማሹን የሚዘልል ፕሮግራም ነበር። ሁለት ቀን ሰጠኝ። የመጀመሪያው ቀን ቋንቋው ራሱ ጠፋብኝ፤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በሁለተኛው ቀን ፕሮግራሙን ወረቀት ላይ አሳተምኩና፣ ማስመሪያ አስደግፌ አንድ በአንድ መስመሩን እንደ ዳዊት ደገምኩት። ወደ ምሳ ሰዓት ላይ አገኘሁት። አንዲት ነጥብ ጎድላለች። በኮቦል ነጥብ እንደ እኛ አራት ነጥብ ሐሳብ ትዘጋለች፤ እሷ ስትጎድል «አትም» የሚለው ትእዛዝ ከላዩ ካለው «እንዲህ ከሆነ» ጋር ተጣብቆ ቀረ። ነጥቧን አስገባሁ፤ ሣጥኖቹ ሁሉ ወጡ።

ደስታ አልተሰማኝም፣ ፍርሃቴ ባሰ። ሚስተር ሻህ ዘንድ ገብቼ፣ «ዋሽቼዎታለሁ። ሁለት ዓመት አይደለም፣ አሥራ ሰባት ነው» አልኩት።

«ካርዶቹ የት አሉ ስትዪ አውቄያለሁ» አለኝ። «ሰኞ ሥራ ጀምሪ።»

በሦስተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ቀን ወደ ሮቤ ስልክ አስደወልኩ። እናቴ ስልክ ቤት ተጠርታ መጣች። «እማዬ» ከማለቴ በፊት ቀደመችኝ።

«የየሺ ጓደኛ ነሽ? አልሰማሽም እንዴ? የሺማ ቆላ ወርዳ ወባ ገደላት። ድንኳን ጥለን አለቀስን። ቀበሌዎቹም ለቅሶ ደርሰውናል፤ ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀን የለም።»

የሺ እኔ ነኝ። መስመሩ ላይ ሌላ ሰው እንደሚሰማ ገባኝ።

«ልጇ እዚህ ናት፣ አጽናኛት» አለችኝ።

የጽጌን ትንፋሽ ሰማሁ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት።

«እርስዎንም ያጽናዎት» አለችኝ ልጄ። አንቱ ብላኝ አታውቅም።

«ትምህርትሽስ?»

«ከክፍሌ አንደኛ ወጣሁ። እናቴ ብትኖር ደስ ይላት ነበር።»

«ደስ ይላታል» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። «ደስ ይላት ነበር» ማለት ነበረብኝ። ላርመው ስል መስመሩ ጠፋ። እንዲሁ ተበላሽቶ ይሁን ሰው ዘግቶት እስካሁን አላወቅኩም።