መብራት ሲጠፋ

ጅማ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው ከእኔ ሌላ የነበረ አይመስለኝም።

ለተግባር ልምምድ ከደብረ ብርሃን መጥቼ፣ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሮጌ የመመረቂያ ጽሑፎችን ስካን አደርግ ነበር። የሥራ ክፍሌ ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ናት፤ ብቻዬን ነኝ። ገጽ መግለጥ፣ ማስተካከል፣ መጫን፤ እንደገና መግለጥ። ስለ ሊሙና ስለ አጋሮ ቡና የተጻፈ ክምር ፊቴ ተቆልሎ፣ ተደብቄ የማነበው የምስጋናውን ገጽ ብቻ ነበር። ሁሉም የሚያመሰግነው ሰው አለው። እኔ ጊንጆ ሰፈር ከተከራየኋት ክፍል ወጥቼ እስክመለስ ከባጃጅ ሾፌር በቀር ማንንም ሳላናግር የምውልበት ቀን ነበር። ሆድ ይብሰኛል።

መብራት ሲጠፋ ግን ስካነሩ ይቆማል፤ ሠራተኛው ሁሉ በረንዳ ይወጣል። መጻሕፍት የሚመዘግቡት እናት አግዳሚው ላይ ፈቀቅ ብለው፣ «ኮቱ፣ ታኢ! ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ» ይሉኛል። ጥበቃው የተጠበሰ በቆሎ ሰብሮ ያካፍለናል። በኦሮምኛዬ ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። መብራቱ ሲመጣ እሳቸው «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። እኔ በሆዴ «ምን አስቸኮለው?» እላለሁ።

ታዲያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሰነፍ እንዳልባል ብዬ ሳምንታዊው ሪፖርት ላይ ሥራው የዘገየው መብራት እየጠፋ ነው ብዬ ጻፍኩ። የስካን ሥራው ኃላፊ ደግ ሰው ናቸው፤ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተው መብራት ሲጠፋ ስካነሩን የሚያሠራ ትልቅ ባትሪ አስመጡልኝ። ራሳቸው ገጥመው፣ «በይ እንግዲህ፣ ከአሁን በኋላ የሚያስቆምሽ የለም» አሉኝ። አመሰገንኳቸው። ምን ልበል?

በማግስቱ ዝናቡ ሲጀምር መብራት ጠፋ። ቤቱ ሁሉ ጨልሞ የእኔ ስካነር ብቻ ያበራል። ወንበር ሲንኳኳ፣ ሰው ወደ በረንዳው ሲወጣ ሰማሁ። ገጽ እየገለጥኩ እስኪጠሩኝ ጠበቅሁ። ማንም አልጠራኝም። ሳቁ ሲበረታ አላስቻለኝም፤ ተነሥቼ ወጣሁ።

እኔ የምቀመጥባት ቦታ ላይ የበቆሎው ሳህን ተቀምጧል። እኚያ እናት ቀና ብለው አዩኝ።

«ውይ ልጄ፣ ምነው ወጣሽ? አንቺማ መብራት አለሽ እኮ!» አሉኝ፤ ከልባቸው ደስ ብሏቸው ነበር።

ግማሽ በቆሎ ሰጡኝ። ይዤው ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ወረቀቶቹ አጠገብ መብላት ክልክል ስለሆነ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት፤ ጊንጆ ስደርስ ቀዝቅዞ ነበር።