ትሉ አልተጠመቀም

አባቴ ከሞተ በኋላ በሬዎቹን አጎቶቼ ወሰዷቸው። ለእናቴ የቀራት ከቤታችን ጓሮ የተከለችው ጌሾ ነበር። ቅጠሉን እያደረቀች ይፋግ ገበያ ትሸጣለች፤ በዚያ ገንዘብ እህቴን ደብረ ታቦር ታስተምራለች። በሰፈራችን ሴት ልጅ የሚያስተምር ሌላ ሰው አልነበረም፤ ይህም አይወደድላትም ነበር።

በጥቅምት፣ ጤፉ እያሸተ ሳለ፣ አንድ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ጌሾው ነጭ ድር አድርቶበት አየን። በየድሩ ውስጥ ትል ታጭቋል። እናቴ ነገ ቆርጬ አቃጥለዋለሁ አለችና ቀኑን በጣቷ ቆጠረች። ነገ ሚካኤል ነው። ከዚያ ቅዳሜ፣ ከዚያ እሁድ። በአገራችን በዓል የሻረ ሰው በረዶ ያመጣል ይባላል፤ በረዶው ደግሞ የሻረውን ሰው ማሳ ብቻ መርጦ አይወርድም።

ቢሆንም በሚካኤል ጧት ማጭድ ይዛ ወጣች። የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ እንደያዘች፣ ጎረቤታችን ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አጥሩ ጋ ቆሙ። ምን ልትሠሪ ነው አሏት።

«አባባ፣ ትሉ በዓል አላከበረም እኮ።»

«እሱ መች ተጠመቀ። አንቺ ግን ተጠምቀሻል።» ወደ ማሳው ዞሩና፣ «የሁላችንም ጤፍ ሜዳ ላይ ነው፣ ልጄ» አሉ።

ቁጣ አልነበረባቸውም። እናቴ ማጭዱን አስቀመጠች።

ሁለቱን ሰንበት ደጃፍ ተቀምጠን ዋልን። የትሉ ኩስ ደረቅ ቅጠል ላይ ሲረግፍ እንደ ካፊያ ይሰማል። ሰኞ ቆራርጠን ስናቃጥል ድሩ ባዶ ነበር። ትሉ ወጥቶ ቅጠሉን ጨርሶ ልጡን ይዟል።

በረዶ አልወረደም። ሰፈሩ ጤፉን በደህና አስገባ። በዓሉ ስለተከበረ ነው ተባለ፤ እናቴም አልተቃወመች።

እህቴ ለገና ስትመጣ ወንዛዬ አካባቢ ላለ ገበሬ ታጭታ ነበር። ወደ ትምህርቷ መቼ እንደምትመለስ እናቴን ጠየቀቻት።

«ጌሾው ሲያገግም» አለች እናቴ።

እህቴ በጥር ተዳረች።

ጌሾው ከግንዱ አቆጥቁጦ ለገበያ የደረሰው ከሁለት ክረምት በኋላ ነው። እህቴ ያኔ አንድ ልጅ አዝላ ሌላ አርግዛ ነበር። እናቴ ቅጠሉን ሸጣ እኔን ደብረ ታቦር አስገባችኝ፤ ሁለተኛ ደረጃንም እዚያው ጨረስሁ። እህቴ ልትጠይቀን በመጣች ቁጥር ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እናቴ ጤና ትጠይቀኛለች። ስለ ትምህርቴ ግን አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።