ሰቃ አልደርስ ያለኝ ቀን

ጋንጃ የቀመስኩት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ይበቃኛል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ፣ ዶርም አብሮኝ የሚያድር ልጅ "ምንም አያደርግህም" ብሎ አስጨሰኝ። ከዚያ የግማሽ ሰዓት መንገድ ያህል ርቃ ሰቃ ከተማ የምትኖረውን እናቴን ልጠይቅ ብዬ ከጅማ መናኸሪያ የሰቃ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ልቤ አብራው ትደልቅ ጀመር። አፌ ደረቀ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ሐጂ የልቤን ምት የሚሰሙ መሰለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ ሰዓት ሄድን፣ ሁለት ሰዓት ሄድን፣ ሰቃ የለም! ሹፌሩ ሊያጠፋኝ ነው ብዬ እርግጠኛ ሆንኩ።

"ወራጅ አለ! ልሞት ነው፣ ሐኪም ቤት አውርዱኝ!"

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። ሐጂ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

"አብሽር ልጄ፣ መውረዱንስ ውረድ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ግን እኮ መኪናው ገና አልሞላም። ከመናኸሪያ መች ወጣን?"