የተጣሉት የት አሉ?

አንድ ቦታ መርጋት አልችልም። ጠበቃ ከሆንኩ በኋላ እንኳ ችሎት ፊት ተራዬን ስጠብቅ እግሬ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ንግግሬም እንደዚያው ነው፤ ጀምሬ በእንጥልጥል ትቼው እሄዳለሁ።

የምነግራችሁ ገላን ላይ ኮንዶሚኒየሙ ገና ሲጀመር፣ የእኛም ማሳ ከሥሩ ሲገባ የሆነ ነው። አባቴ መሬቱ ከተወሰደ በኋላ ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ሆኖ ነበር። በሰፈሩ ግን አሁንም ሽማግሌ ነው፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በአጥር ሲካሰሱ የሚጠራው እሱ ነው። እኔ ያኔ ገና የሕግ ተማሪ ነኝ፤ ከመምህሮቼ አንዱ ይህን ያውቁ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ስለ አገር በቀል አመራር ለሕዝብ ክፍት የሆነ ትምህርት ሲያዘጋጅ «አባትህን ይዘህልን ና፣ መድረክ ላይ ይቀመጡልን» አሉኝ።

ለአባቴ በዋዜማው ነገርኩት፣ ጫማዬን እያሰርኩ።

«ነገ ዩኒቨርሲቲ ሽማግሌ ይፈልጋሉ። አብረን እንሄዳለን።»

«ማን ከማን ተጣልቶ ነው?»

«ስንደርስ ታየዋለህ አባዬ፣ ቸኩያለሁ» ብዬው ወጣሁ።

በማግስቱ አባቴ ያጠበውን ጋቢ ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ መድረኩ ላይ ተቀመጠ። መምህሩ ስለ ሽማግሌዎች ሰዓት ሙሉ አወሩ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ። በመጨረሻ ማይኩን ሰጡትና «አባት፣ እስኪ እርስዎም አንድ ነገር ይበሉን» አሉት። አባቴ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ቃኘና «የተጣሉት የት አሉ?» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ። ይህን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ፤ የሳቅኩት ጎኔ የተቀመጡት የሱ ልጅ መሆኔን እንዳያውቁብኝ ነው።

ከምሳ በኋላ ደግሞ «ሥነ ጽሑፍ ለሕግ ባለሙያ» የሚል ሌላ ትምህርት ነበር። አባቴ «ከመጣን አይቀር እንስማ» ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። አስተማሪዋ ረጋ ያለች ሴት ናት። ጠበቃ ልብ ወለድ የሚያነበው ለጌጥ ሳይሆን በሌላው ቦታ ሆኖ ማየት እንዲለምድ ነው አለች። ከዚያ ወረቀት አደለችን፤ የበደላችሁትን ሰው አስቡና «እኔ» እያላችሁ በእሱ አንደበት ጻፉ አለችን። «እኔ ዛሬ ሰው ሳቀብኝ» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። ደግሜ ጻፍኩ፣ ደግሜ ሰረዝኩ። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ ቢሆንም ወረቀቱን በክንዴ ሸፈንኩት።

ነገሩ ለኔ አዲስ አልነበረም። አባቴ ለዳኝነት ሲቀመጥ አንድ ደንብ አለው፤ በዳዩ ይቅርታ ከመጠየቁ በፊት የተበዳዩን ቅሬታ በገዛ አፉ ይናገራል። የጎደለ ካለ ተበዳዩ «ይቀራል» ይላል። ሲሞላለት «ነው» ይላል። እስከዚያ ድረስ ከቦታው የሚነሳ የለም።

ወደ ቤት ስንመለስ ቃሊቲ ላይ የአቃቂ ታክሲ እየጠበቅን አላስቻለኝም።

«አባዬ፣ በቅጡ ሳልነግርህ ወስጄ ሰው ፊት አዋረድኩህ።»

መንገዱን እያየ «ይቀራል» አለ።

«ሲስቁብህ ተነስቼ አልደረስኩልህም።»

«ይቀራል።»

«እኔም ስቄያለሁ።»

«አይቼሃለሁ። ይቀራል።»

ከዚህ በላይ የምናዘዘው አልነበረኝም። ታክሲው መጣ፤ ረዳቱ «አቃቂ! አቃቂ! ግቡ!» እያለ በሩን ከፈተ። ሰልፉ እየተጋፋ ገባ። አባቴ ከዘራውን ተደግፎ እንደቆመ ቀረ።

«ማን ተጣላ ብልህ አልመለስክልኝም» አለ። «አንተ መሰልከኝ የተጣላኸው። ከአስተማሪዎችህ ጋር። ምን ብዬ እንደማስታርቅህ ሳወጣ ሳወርድ ነጋ። እዚያ ብጠይቅ የተጣላ ሰው የለም። ልጄ ደህና ነው ብዬ፣ ደስ ብሎኝ ወዳንተ ዞርኩ።»

ከዚያ በኋላ ያየውን አልጨመረም።

ታክሲው ሞልቶ ሄደ። ሁለተኛውም መጥቶ ሄደ። እኔም እዚያው አስፋልት ዳር ቆሜ፣ «እኔ ልጄ የተጣላ መስሎኝ ሌሊቱን አልተኛሁም» ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።