አኒስ ትላት የነበረችው ቃል

«ጉሙ ወርዶ ወርዶ ሸለቆውን ሞላው፣
የኔ ሸጋ የታል፣ የቱ መንገድ በላው…»

ጀበዝ አይቨሰን ከዚህ አያልፍም። ጫማውን እየወለወለ ሁለቱን ስንኝ ይደጋግማል፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቃሉ ይጠፋውና ዜማውን ብቻ በአፍንጫው ይዞ ይቀራል። አርባ አራት ዓመት ሙሉ የጎደለውን ከጓዳ ሆና የምትሞላለት ሚስቱ አኒስ ነበረች። ዘንድሮ በረዶው ሳይቀልጥ ቀበራት።

«አንተ ልጅ፣ ያን ጫማ እስኪቀደድ ልትፈትገው ነው?» አለችው እህቱ ኔል። በሰባት ዓመት ትበልጠዋለች። ከብራድፎርድ የሱፍ ፋብሪካ ጡረታ ወጥታ ቤቱን ልትይዝለት የመጣች ናት። «ና ምሳህን ብላ።»

«እንግዳው መጥቶ ይሂድና።»

እንግዳው ከዩኒቨርሲቲ ነው። በደብዳቤው እንደጻፈው፣ በዮርክሻየር ሸለቆዎች የቀሩትን አጫጭር ቃላት ያመጧቸው ከሺህ ዓመት በፊት ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ከተማው ረስቷቸዋል፤ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ መጽሐፍ ውስጥ ሊያሰፍራቸው ይዞራል። ጀበዝ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበው። በልጅነቱ መሰላልን «ስቲ» በማለቱ መምህሩ መዳፉን በጠፍር ገርፎታል። ቁንጫን «ሎፕ» ያለ ልጅ ጥግ ይቆም ነበር። እነዚያ ቢቀሩም ይቅሩ፤ እሱ የጓጓው ለአንዲቱ ነው፤ ለ«ሌይት»። መፈለግ ማለት ናት። ዶሮዎቿ ጥሻ ውስጥ የደበቁትን ዕንቁላል አኒስ ሌይት ታደርግ ነበር። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ በዚያ ክፉ የበረዶ ወራት፣ ጀበዝ በጎቹን ሊያወጣ ሄዶ በጠፋ ጊዜ ፋኖስ ይዛ፣ እስከ ወገቧ እየሰመጠች ሌይት ያደረገችው እሱን ነው። ቃሏ መጽሐፍ ከገባች ከአኒስም አንድ ነገር ከመሬት በላይ ይቀራል ብሎ ነበር።

እንግዳው፣ ሚስተር ፔል፣ በሞተር ብስክሌት መጣ። ከረባት ያሰረ፣ ትሑት ወጣት ነው። ጀበዝ የእሑድ ልብሱን ለብሶ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። በዚያ ሸለቆ ለሐኪም፣ ለቄስና ከረባት ላሰረ ሰው በቤት አፍ፣ በእነዚያ በቆዩት ቃላት፣ አይናገሩም፤ ንቀት ነው።

«ሚስተር አይቨሰን፣ ደንባችን ጥብቅ ነው» አለ ወጣቱ። «ቃሉን እኔ አልነግርዎትም። በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ነው የምጽፈው። ጣራ ላይ ለመውጣት የሚደገፈው ነገር ምን ይባላል?»

«መሰላል፣ ጌታዬ።»

«ውሻ ላይ የምትዘለውስ?»

«ቁንጫ።»

«ሌላ ስም የላትም?»

«ሌላውማ የባለጌ ነው፣ ጌታዬ።»

ወጣቱ እርሳሱን ነከስ አደረገ። «ዶሮ ዕንቁላሏን ጥሻ ውስጥ ደበቀች እንበል። ሰው ወጥቶ ምን ያደርጋል ይላሉ?»

ቃሏ ምላሱ ላይ ደርሳ ነበር። ግን የወጣቱን ነጭ ኮሌታ አየ፤ ያ ጠፍር ዛሬ ያረፈበት ይመስል መዳፉ ተጨበጠ።

«ይፈልጋል፣ ጌታዬ።»

ሚስተር ፔል ጽፎ፣ ጠይቆ፣ ጽፎ፣ በመጨረሻ ደብተሩን ዘጋ። «ንግግርዎ እንደ ሬዲዮ የጠራ ነው» አለ፤ ማመስገኑ ነው። «እዚህስ የቆየው ቃል ሁሉ ጠፍቷል ማለት ነው። ነገ ወደ ሌላ አውራጃ እሻገራለሁ።»

ሞተሩ ሲነሳ ኔል እጇን እየጠራረገች ከጓዳ ወጣች። «ማነው ያ እንደ መጽሐፍ ሲያወራ የነበረው? ጳጳሱ መጥተው ነበር እንዴ?» ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋን ዋጠች። «ሩጥ እንጂ አንተ ልጅ። ድረስበት።»

ጀበዝ በዚያ በተወለወለ ጫማ እስከ በረቱ በር ሮጠ። ባርኔጣውን አውልቆ አወዛወዘ። ሚስተር ፔል የስንብት መስሎት እጁን መልሶ አወዛወዘለትና ድልድዩን ተሻገረ።

«ሌይት» አለ ጀበዝ፣ ለመንገዱ። ሁለት በጎች ቀና ብለው አዩት።

«ጻፍለታ» አለችው ኔል ሲመለስ።

«በጆሮው የሰማውን ብቻ ነው የሚጽፈው። የሰማው ደግሞ ‹ይፈልጋል›ን ነው።» ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። «አንቺስ፣ ሌይትን ታስታውሻታለሽ?»

ኔል ብዙ አሰበች። «እማማ ትላት ነበር መሰለኝ። ምን ማለት ነበረች?»

«ኋላ እነግርሻለሁ» አለና በሩን ዘግቶ ገባ። እሷም አላስጨነቀችውም፤ የቀዘቀዘውን የበግ ሥጋና የአጃውን ቂጣ ወደ እሱ ገፋ አደረገች። ጀበዝ የእሑድ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለ፤ ተቀመጠ፤ ቂጣውንም ቆረሰ።