የሦስት ቀን ናሙና

ያዮ ውስጥ ከገበሬ ገዝቶ የሚያከማች ቡና ሰብሳቢ ከተባለ ደበሳ ነው። ከጆንያው ዘግኖ፣ አሽትቶ፣ አንዲት ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ እርጥበቱን ይነግርሃል። ስለ ራሱ አካል ግን ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት ነገር ማወቅ አልፈለገም።

ከዓያንቱ ጋር ከተጋቡ ሰባተኛ ዓመታቸው ነበር፤ ልጅ የለም። በነዚያ ዓመታት መቱ ስንት ጊዜ፣ ጅማ ስንት ጊዜ የተመላለሰችው እሷ ናት። ደም ስጪ ሲሏት ሰጠች፤ ራጅ ተነሺ ሲሏት ተነሣች። ሐኪሞቹ «አንቺ ደህና ነሽ፣ ባልሽን አምጪ» ባሉ ቁጥር እሱ «እኔ ምን ሆንኩና!» ይላል። ጎረቤቱ ነኝ፤ እወደዋለሁ፤ ይህን ሳስብ ግን አሁንም ያናድደኛል።

ነገሩ የከረረው ታላቅ ወንድሙ ቀኖ ቀን ሲቆርጥ ነው። «እስከ መስቀል እንጠብቃለን። ከዚያ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ ለአንተ ሌላ እንፈልጋለን» አለ፣ ዓያንቱ እዚያው ተቀምጣ። ደበሳ ያን ዕለት ያለ እሷ መኖር እንደማይችል ገባው። በማግስቱ መቱ ሄዶ አንድ የግል ክሊኒክ ገባ።

የላቦራቶሪው ባለሙያ ብሥራት ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጠውና፣ «ሦስት ቀን ከሚስትዎ ይታቀቡና የዘር ፈሳሽ ናሙና ይሰጡናል» አለው። ሌላም ማስረዳት ጀምሮ ነበር፤ ደበሳ ግን ዕቃዋን ኪሱ ከቶ፣ በኀፍረት ላብ በላብ ሆኖ ወጥቷል።

ቡና ሰብሳቢ ናሙና ሲያወጣ ከአንድ ጆንያ ብቻ አይወስድም። ከእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ወስዶ ይቀላቅላል፤ አለዚያ ማታለል ነው። ደበሳ ደግሞ ሐቀኛ ነው። የሰኞውን፣ የማክሰኞውንና የረቡዑን በአንዷ ዕቃ አጠራቅሞ፣ መጋዘኑ ጥግ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጦ፣ ሐሙስ መቱ አደረሰ።

ውጤቱ «በሕይወት ያለ የዘር ሕዋስ አልተገኘም» ይላል። ብሥራት «ናሙናው መቼ የተወሰደ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ደበሳ ወረቀቱን አጥፎ መንገድ ጀምሯል።

ቤቱ ሲገባ ዓያንቱን አስቀመጣት። «እኔ ነኝ» አላት። «ምንም የለኝም። አንቺ ገና ወጣት ነሽ፤ ሌላ አግቢና ውለጂ።»

ዓያንቱ ወረቀቱን ደጋግማ አነበበች። ሰባት ዓመት የላቦራቶሪ አግዳሚ ላይ ተራ የጠበቀች ሴት ናት።

«ናሙናውን እንዴት አድርገህ ሰጠህ?»

ነገራት። የሦስት ቀን መሆኑን ስትሰማ ሣቀች፤ ሣቋ ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረ።

«ያ ዋቃ! ይሄ እኮ ቡና አይደለም! ሽንት እንኳ ካደረ አይቀበሉም። እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

በሳምንቱ አብረው ሄዱ። ብሥራት እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ለብቻው ክፍል ሰጠው፤ ናሙናው ሳይቆይ ታየ። ሕዋሶቹ ሕያው ናቸው፤ ግን ቁጥራቸው ጥቂት፣ እንቅስቃሴያቸው ደካማ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ሲመረምረው ከዘር ፍሬው በላይ ያበጠ የደም ሥር አየና ለቀዶ ሕክምና ጅማ ጻፈለት። ተስፋ አለው፣ ዋስትና ግን አልሰጥም ብሎታል።

መስቀል ደርሶ ቀኖ ቤት ስንሰበሰብ ደበሳ ማንም ሳይጠይቀው ተነሣ።

«ጋሼ፣ መቱ ክሊኒክ ሄጄ ተመርምሬያለሁ። ችግሩ የእኔ ነው። ዓያንቱ ምንም የለባትም፤ የትም አትሄድም።»

ከዚህ ሰው ይህን ድፍረት አልጠበቅሁም ነበር፤ ኮራሁበት። ዓያንቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ስንወጣ ቀኖ ወንድሙን እስከ አጥሩ ሸኘውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያ ክሊኒክ መቱ የቱ ጋ ነው ያልከው?» አለው።

ቀኖም ልጅ የለውም። የመጀመሪያ ሚስቱን ሻሽቱን መካን ናት ብሎ ከሰደዳት አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ አሁን ያለችውም አልወለደችለትም። ሻሽቱ ቡሬ አግብታ አራት ልጆች ወልዳለች።